ሰሙን ሳይጨርሱ ወርቁን አይፈልጉ፦ የጆይስን የደብሊን ታሪኮች ለሚያነብ ሰው

ጅማ ላይ ክረምቱ ሲጠና መንገዱም ገበያውም ጭቃ ስለሚሆን ሰው ቤቱን ይመርጣል። እኛም በዚሁ ሰበብ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሥነ ጽሑፍ ከሚያጠኑ ወጣቶች ጋር ተሰብስበን አጫጭር ልብ ወለዶችን ማንበብ ልማድ አድርገናል። የአየርላንዳዊውን የጄምስ ጆይስን ታሪኮች በጀመርንበት ቀን አንድ ትጉህ ተማሪ ደብተሩን ለሁለት ዓምድ ከፍሎ ሠንጠረዥ ሠርቶ መጣ። በግራው ዓምድ መስኮት፣ አቧራ፣ ባሕርና የብረት አጥር ተደርድረዋል፤ በቀኙ ደግሞ ነጻነት፣ ሞት፣ ሕይወትና እስር። ሥራው ንጹሕ ነበር። «ኤቭሊን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አፍንጫዋ ውስጥ የነበረው የምን ሽታ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ አላስታወሰም። «ጭኗ ላይስ ምን ነበር?» አልሁት፤ አሁንም አላስታወሰም። ታሪኩን ሁለት ጊዜ አንብቦታል፤ ያነበበው ግን ሠንጠረዡን ለመሙላት ነበር።

ይህ ስሕተት ከድክመታችን ሳይሆን ከብርታታችን የመጣ ይመስለኛል። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ጆሮው የተሳለው ከቃሉ በታች ያለውን ሌላ ቃል ለመስማት ነው። በቅኔ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ ቀልጦ ቢፈስ የሚያዝን የለም፤ ቅርጹን ለማስያዝ ብቻ ነውና የመጣው። በጆይስ ታሪኮች ግን ሰሙ አይቀልጥም። መስኮቱ እስከ መጨረሻው መስኮት ነው፣ አቧራውም አንዲት ልጅ በየሳምንቱ የምትጠርገው አቧራ ነው፤ ትርጉም የሚኖራቸውም ይህንኑ ሆነው በመቆየታቸው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአንድ ምክር ላይ የቆመ ነው፤ ሰሙን አንብበው ሳይጨርሱ ወርቁን አይፈልጉ።

ከማንበብ በፊት ይህን ያህል ይበቃል

ጆይስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1882 ደብሊን ውስጥ ሲሆን በ1904 አገሩን ለቆ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ዕድሜውን በትሪየስቴ፣ በዙሪክና በፓሪስ ቢያሳልፍም ብዕሩ ከደብሊን ወጥቶ አያውቅም። «ደብሊነርስ» የተባለው የታሪኮች መድበል 15 ታሪኮችን የያዘ ነው። ሦስቱ አስቀድመው በ1904 «አይሪሽ ሆምስቴድ» በተባለ ለገበሬዎች በሚዘጋጅ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ወጥተው ነበር፤ የመጨረሻውና ረጅሙ «ሙታን» በ1907 ተጻፈ። መጽሐፉ ለአሳታሚ የቀረበው በ1905 ሲሆን የታተመው ግን በሰኔ 1914 ነው። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሕግ አታሚውንም ጭምር ተጠያቂ ያደርግ ስለነበር አታሚዎች ፈሩ፤ በ1912 ደብሊን ውስጥ የታተሙት ገጾችም እዚያው እንዲጠፉ ተደረገ። ስለ ሽባነት የተጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ራሱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ።

ደራሲው በ1906 ለአሳታሚው በጻፈው ደብዳቤ ዓላማው የአገሩን የሥነ ምግባር ታሪክ አንድ ምዕራፍ መጻፍ እንደሆነ፣ ደብሊንን የመረጠውም ከተማይቱ የሽባነት ማእከል ሆና ስለታየችው እንደሆነ ገልጿል፤ ታሪኮቹንም በልጅነት፣ በወጣትነት፣ በሙሉ ሰውነትና በአደባባይ ሕይወት ከፍሎ አሰልፏቸዋል። አየርላንድ በዚያ ጊዜ በብሪታንያ አገዛዝ ሥር ነበረች። የራስ ገዝ ጥያቄውን ይመራ የነበረው ፓርኔል በ1890 ከተከታዮቹ ጋር ተለያይቶ በ1891 ሲሞት የአንድ ትውልድ ተስፋ አብሮት ተቀብሯል፤ ሥራ ጠባብ ነበር፣ ቤተ ክህነትም በቤተሰብ ኑሮ ላይ ትልቅ ሥልጣን ነበራት። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ገጸ ባሕርያቱን «ሰነፎች ናቸው» ብሎ ለማለፍ ያለንን ችኮላ ስለሚገታልን ነው።

የንባቡን ቅደም ተከተል በተመለከተ በመጽሐፉ መጀመሪያ ከሚገኘው ከ«እህትማማቾቹ» እንዲጀምሩ አልመክርም፤ ብዙ ነገር በዝምታ የሚያልፍ ታሪክ በመሆኑ አዲስ አንባቢን ያሸሻል። «ኤቭሊን» ጥቂት ገጽ ብቻ ናትና በእርሷ ይጀምሩ፤ ከዚያ «አራቢ»ን፣ ቀጥሎ «ጭቃ»ን ያንብቡ፤ ከነዚህ በኋላ ወደ «እህትማማቾቹ» ይመለሱ። «ሙታን»ን ለመጨረሻ ያቆዩት።

ስለ ቃሉ

«ሽባነት» የሚለውን ቃል «ድብርት» ወይም «ተስፋ መቁረጥ» በሚል አይተኩት። ድብርትም ተስፋ መቁረጥም ስሜቶች ናቸው፤ ጆይስ የሚያሳየን ግን ስሜቱ እያለ እጅና እግር ላይ ሳይደርስ ሲቀር ነው። የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ አንባቢ መጻጉዕን ያስታውስ። ለክፍላችን ሙስሊም ልጆች ታሪኩን ከመነሻው መንገር ነበረብኝ፤ ስነግራቸውም እኔ ራሴ ልብ ያላልሁትን ነገር አየሁ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ 38 ዓመት የተኛው ሰው «ልትድን ትወዳለህን?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎን» አላለም፤ ወደ መጠመቂያዪቱ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም ብሎ ምክንያቱን አስረዳ እንጂ። ይህን ጥያቄ ለእያንዳንዱ የጆይስ ገጸ ባሕርይ ያቅርቡለት። የመጻጉዕ ዓይነት መልስ፣ ማለትም እውነት የሆነ ነገር ግን «አዎን» ያልሆነ መልስ፣ ሲሰጥ ያገኙታል።

«ሳትሄድ ቀረች»

የእኛ ቋንቋ ለዚህ ንባብ የሚሆን አንድ ግሩም መሣሪያ አለው። «ቀረ» የሚለው ግሥ ባለቤት አለው እንጂ በውስጡ የተሠራ ሥራ የለም። «ሳትሄድ ቀረች» ስንል «አልሄደችም» ከማለት የበለጠ ነገር ተናግረናል፤ መሄድ ታስቦ እንደነበር፣ መንገዱም ክፍት እንደነበር፣ የሆነ ቦታ ላይ ግን ነገሩ እንደተቋረጠ አሳውቀናል። ስለዚህ አንድ ታሪክ አንብበው ሲጨርሱ በቅድሚያ በዚህ አነጋገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ኤቭሊን መርከቡ ላይ ሳትሳፈር ቀረች። የ«አራቢ» ልጅ ቃል የገባላትን ስጦታ ሳይገዛ ቀረ። «ትንሽ ደመና» በተባለው ታሪክ ትንሹ ቻንድለር ግጥሙን ሳይጽፍ ቀረ። ዓረፍተ ነገሩ ከተጻፈ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ «የቱ ቦታ ላይ ቀረ?» የሚለው ነው፤ ለዚህም ጣትዎን በገጹ ላይ አሳርፈው ማሳየት መቻል አለብዎት።

ቀመሩ ሁልጊዜ አይሠራም። «አቻዎች» በተባለው ታሪክ ፋሪንግተን የተባለው ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ በአለቃው ሲዋረድ ውሎ፣ ያለውን ገንዘብ በመጠጥ ጨርሶ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ትንሹን ልጁን በዱላ ይደበድባል። እዚህ ሥራ አለ፣ ያውም ከባድ ሥራ። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት እግር ሲኖረው ግን ይቆማል፤ አለቃውን ሳይመታ ቀረ፣ ልጁን መታ።

አሁን ኤቭሊንን ቀረብ ብለን እንያት። ዕድሜዋ ከ19 ዓመት አልፏል፤ በመደብር ተቀጥራ ከምታገኘው ሰባት ሽልንግ አንድም ሳታስቀር ለአባቷ ትሰጣለች፤ አባቷ ደግሞ ይዝትባታል። ፍራንክ የተባለ መርከበኛ ወደ ቦነስ አይረስ ወስዶ ሊያገባት ቀጠሮ ይዘዋል። ግሦቿን በእርሳስ ያስምሩባቸው። ተቀምጣለች፤ ራሷን በመጋረጃው ላይ አስደግፋለች፤ አቧራ የጠገበ የመጋረጃ ጨርቅ ይሸታታል፤ ደክሟታል፤ ታስታውሳለች፤ ታመዛዝናለች። ጭኗ ላይ ያሉት ሁለት ደብዳቤዎች፣ አንዱ ለወንድሟ አንዱ ለአባቷ የተጻፉት፣ ሲመሽ ነጭነታቸው እየደበዘዘ ይሄዳል። ታሪኩ ከሞላ ጎደል እስኪያልቅ ድረስ ከወንበሩ አልተነሣችም። ከዚያ በድንገት በፍርሃት ትቆማለች፣ ማምለጥ አለብኝ ትላለች፤ የሚቀጥለው ክፍል ሲከፈት ወደቡ ላይ በሕዝብ መካከል ቆማለች። ከቤት መውጣቷ፣ በሩን መዝጋቷ፣ መንገዱን መሻገሯ አልተጻፈም። ያደረገችው ብቸኛ ጉዞ ከታሪኩ ተቆርጦ ወጥቷል።

በክፍላችን ትልቁ ክርክር የተነሣው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። ታላቅ እህቷ ለሥራ ወደ ቤይሩት የሄደችባት አንዲት ተማሪ «ሽባ አትበሏት» አለች፤ «አስልታ ነው የቀረችው። ሰውየውን ምን ያህል ታውቀዋለች? እዚያ ደርሳ ቢተዋትስ?» ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ አንዳንድ ተቺዎችም ፍራንክን ይጠረጥሩታል። አንድ ሰዓት ያህል ተሟገትን። እኔ ያሳመነኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። አስልታ የቀረች ሰው «አልሄድም» ብላ ፊቷን ትመልሳለች፤ ኤቭሊን ግን በሁለት እጇ የብረቱን አጥር ጨምድዳ ይዛ ትቆማለች፤ ፍራንክ ሲጠራት ዓይኖቿ የፍቅርም፣ የስንብትም፣ የማወቅም ምልክት አያሳዩትም። እጆቿ በታሪኩ ውስጥ በሙሉ ኃይላቸው የሠሩት አንድ ሥራ መያዝ ነው። ብረቱን ያዘች ወይስ ብረቱ ያዛት? ተማሪዋ አሁንም በእኔ አልተስማማችም፤ የእርሷ ጥያቄ ግን ሰባቱን ሽልንግ ደግመን እንድንቆጥር አድርጎናል።

የተቀደደው ጥግ

በ«እህትማማቾቹ» መጀመሪያ ገጽ ላይ ተራኪው ልጅ ሦስት እንግዳ ቃላትን በአንድነት ያስባል። አንዱ ሽባነት ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትሮክ የመታቸውና ተስፋ የሌላቸው ሽማግሌ ቄስ ሕመም ነውና። ሁለተኛው ሲሞናዊነት ነው፤ የእኛ አንባቢ ሲሞን መሠርይን ስለሚያውቀው፣ የተቀደሰውን ነገር በገንዘብ መለወጥ ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ አያደክምም። ሦስተኛው ግኖሞን ነው፤ በጂኦሜትሪ ከአንድ ፓራሌሎግራም ጥግ ላይ እርሱን የሚመስል ትንሽ ፓራሌሎግራም ሲነሣ የሚቀረው ቅርጽ። ጥጉ የተቀደደ ወረቀት ያስቡ። የተቀደደው ቁራጭ እጃችን ላይ ባይኖርም ቅርጹን ከቀረው ወረቀት ማወቅ እንችላለን።

እነዚህ ሦስት ቃላት የመጽሐፉ ቁልፍ ናቸው የሚለውን የብዙ ተቺዎች አስተያየት እቀበላለሁ፤ ለተግባር ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ግኖሞን ነው። በእያንዳንዱ ታሪክ የተቀደደውን ጥግ ይፈልጉ። ኤቭሊን ከቤት የወጣችበት መንገድ አንዱ ነው። በ«ጭቃ» ደግሞ ሁለት አሉ። ማሪያ በልብስ ማጠቢያ ቤት የምትሠራ፣ ያላገባች፣ ትንሽዬ ሴት ናት፤ በጥቅምት መጨረሻ፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ፣ ሕፃን ሳለ ባሳደገችው ሰው ቤት ተጋብዛ ዓይኗ ተሸፍኖ ዕድል በሚነገርበት ጨዋታ ትሳተፋለች። ቀለበት የነካ ያገባል፣ የጸሎት መጽሐፍ የነካ ገዳም ይገባል። የማሪያ ጣት የነካው ለስላሳና እርጥብ ነገር ነው፤ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ሹክሹክታ ይሰማል፣ እመቤቲቱ ከጎረቤት ልጆች አንዷን ትቆጣለች፣ ነገሩም ተወስዶ ይጣላል። ምን እንደነበር በታሪኩ ውስጥ የሚነግረን የለም፤ ስሙ ያለው በርእሱ ላይ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይታ ስትዘፍን ደግሞ ሁለተኛውን አንጓ ትታ የመጀመሪያውን ትደግመዋለች፤ ማንም አያርማትም። የተተወው አንጓ ስለ ፈላጊ ወንዶች የሚናገረው ነው።

ለመተርጎም ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ርእሱን «አፈር» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን «አፈር ይቅለላት» የሚል ሕዝብ ቃሉን ሲያይ መቃብሩን ገና ከርእሱ ያየዋል፤ ጨዋታው ያልቃል። «ሸክላ» ደግሞ እሳት ያየ ነገር ነው። «ጭቃ» ሲባል ግን ልጆች ከጓሮ ያመጡት ተራ ነገር ሆኖ ይቆያል፤ አንባቢውም እንደ ማሪያ ጣቱን አስገብቶ ቀስ ብሎ ይደርስበታል።

ዕቃው መቼ ትእምርት ይሆናል?

በታሪክ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ትእምርት፣ ማለትም ከራሱ ያለፈ ትርጉም የሚሸከም ነገር፣ አይደለም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፤ ዕቃው ተመልሶ መጥቷል ወይ? ሲመለስስ ቦታው ወይም ሁኔታው ተለውጧል ወይ? የኤቭሊን አቧራ መጀመሪያ የሚመጣው በሽታ ነው፤ ቀጥሎ ለብዙ ዓመታት በየሳምንቱ የጠረገቻቸውን ዕቃዎች እየቃኘች ይህ ሁሉ አቧራ ከየት ይመጣል ብላ ስትገረም ይመለሳል፤ ወደ መጨረሻው ገደማም ሽታው እንደገና አፍንጫዋ ውስጥ ነው። ተማሪዬ «አቧራ የሞት ምልክት ነው» ብሎ ነበር። ሰሙን ካነበብን ግን አቧራ ሥራ ነው፤ ተሠርቶ የማያልቅ፣ የሚሠራውም ሰው ያላመጣው ሥራ። ከሞት ይልቅ ይህ ለኤቭሊን ቅርብ ነው፤ ደግሞም ያስፈራል።

«አራቢ» ላይ አንባቢዎች ሁሉ በጓሮው መካከል የቆመችውን የፖም ዛፍ አይተው ወደ ገነት ይሮጣሉ። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ከቁጥቋጦው ሥር የተገኘው የሞተው ቄስ ዝገታም የብስክሌት መንፊያ ነው። አየር የሚሰጥ መሣሪያ ዝጎ ወድቋል፤ በቤቱ ውስጥም ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የሻገተ አየር አለ። ቤቱ የሚገኝበት መንገድም መውጫ የሌለው ነው።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ትእምርት ግን ገንዘብ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ይሥሩት። ልጁ ለጎረቤቱ ልጅ ከባዛሩ ስጦታ ሊያመጣላት ቃል ገብቷል፤ አጎቱ አምሽቶ ስለመጣ ዘግይቶ አንድ ፍሎሪን፣ ማለትም 24 ፔኒ ይዞ ይወጣል። ባዛሩ ሳይዘጋ ለመግባት ሲቸኩል የ6 ፔኒውን መግቢያ አጥቶ 12 ፔኒ ከፍሎ ይገባል። መጨረሻ ላይ ኪሱ ውስጥ አንድ ባለ 6 ፔኒና ሁለት ነጠላ ፔኒዎች ሲጋጩ እንሰማለን፤ ድምሩ 8 ነው። የጎደለው 4 ፔኒ ለባቡር የሄደ መሆን አለበት። ስጦታ የሚገዛበት ገንዘብ ያለቀው እንግዲህ ወደ ስጦታው በሚያደርሰው መንገድ ላይ ነው። ሻጯ ከሁለት ወጣቶች ጋር በእንግሊዛውያን አነጋገር ስትሳሳቅ ቆይታ ሳትወድ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ» ይላል። መብራቱ ይጠፋል። ሒሳቡን ያልሠራ አንባቢ ልጁ በፍቅር ብቻ የተሸነፈ ይመስለዋል።

ስለ ቀለምና ስለ አቅጣጫ አጭር ማስታወሻ ይበቃል። ቡናማ ቀለም ሲያዩ ያስምሩበት፤ ጆይስ የደብሊንን ቡናማ ቤቶች ከሽባነት ጋር አያይዞ ያያቸዋል። ወደ ምሥራቅ ያለው ባሕር የማምለጫ አቅጣጫ ነው፤ «ሙታን» ሲያልቅ ግን ጉዞው ወደ ምዕራብ ይሆናል።

ለማን ተገለጠ?

ጆይስ ለታሪኮቹ ድንገተኛ የመገለጥ ቅጽበት «ኤፒፋኒ» የሚለውን ቃል የወሰደው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ እኛ አስተርእዮ የምንለው፣ ከጥምቀት ጋር የምናከብረው ነው። ቃሉ በቋንቋችን ስለሚገኝ ብንጠቀምበት ያምራል፤ ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል። የእኛ አስተርእዮ የሚያድን መገለጥ ነው፤ በጆይስ ዘንድ ግን ሰው አይቶም ላይነሣ ይችላል። የ«አራቢ» ልጅ በጨለማው ውስጥ ራሱን በከንቱነት ሲነዳ ያየዋል፤ ታሪኩም እዚያው ያልቃል። አንዳንዴ ደግሞ ገጸ ባሕርይው ምንም አያይም፤ ማሪያ ስትዘፍን የተተወውን አንጓ የምናውቀው እኛ ነን። ስለዚህ «መገለጡ የቱ ጋ ነው?» ከማለት ይልቅ «ለማን ተገለጠ?» ብለው ይጠይቁ።

ፈረስና አመዳይ

«ሙታን» በገና ሰሞን በሚደረግ ግብዣ ላይ የሚካሄድ ታሪክ ነው። ጋብሪኤል ኮንሮይ የተባለው መምህርና ጸሐፊ እንግዶቹን ለማሳቅ ስለ አያቱ ፈረስ ይተርካል፤ ወፍጮ ለማዞር ዕድሜውን ሙሉ ክብ ሲዞር የኖረው ፈረስ አንድ ቀን አምሮበት ወደ ከተማ ሲወጣ የንጉሥ ዊልያም ሐውልት ጋ ደርሶ ሐውልቱን መዞር ይጀምራል። ንጉሡ በ1690 በቦይን ጦርነት አየርላንድ ውስጥ ድል ያደረገው ነው። አውድማ ላይ በሬ ሲዞር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አይሻም። ልብ የሚባለው ሌላ ነው፤ ጋብሪኤል ታሪኩን ሲያወራ እርሱ ራሱ አዳራሹ ውስጥ ክብ ሠርቶ ይዞራል፤ ሁሉም ይስቃል።

በዚህ ታሪክ የኔንም ጥፋት ልናገር። መጨረሻውን ለክፍሉ በቃል ስተረጉም የሚወርደውን ነገር «በረዶ» አልሁት። የጅማ ልጅ በረዶ የሚያውቀው ቆርቆሮ ሲደበድብና የቡና አበባ ሲያረግፍ ነው። አንድ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ባመጣው ጽሑፍ፣ በጋብሪኤል መስኮት ላይ የሚያንኳኳው በረዶ የቁጣ ትእምርት ነው ብሎ ሦስት ገጽ ጽፎ አገኘሁት። ጥፋቱ የኔ ነበር። «እንደ አመዳይ ትነጻለች» በሚለው የኢሳይያስ ቃል ውስጥ ያለውን «አመዳይ» መጠቀም ነበረብኝ፤ ድምፅ የሌለው፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ሁሉን እኩል የሚሸፍን ነገር ነው። ተማሪውን ለማረም መጽሐፉን ስከፍት ግን መስኮቱ ላይ በእርግጥ ቀላል መንካካት እንደሚሰማ አየሁ። ከዚያ ሁለት ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ተመለስን። የጋብሪኤል ሚስት ግሬታ በልጅነቷ ይወዳት የነበረው ማይክል ፊዩሪ ሊሰናበታት በሌሊት በመጣ ጊዜ መስኮቷን በጠጠር መትቶ ነበር፤ 17 ዓመቱ ነበር፣ ታሞ ሳለ በዝናብ ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ከዚያም ሞተ። በጋብሪኤል መስኮት ላይ የሚሰማው መንካካት የዚያን ጠጠር ድምፅ ይዞ ነው የሚመጣው። ያለ ተማሪው ስሕተት ይህን አላየውም ነበር።

አመዳዩንም በመለኪያችን እንፈትነው። መጀመሪያ ጋብሪኤል ከጫማው ላይ ሲያራግፈው እናያለን፤ ቀጥሎ በሐውልት ላይ፣ በመስኮት ላይ፣ በመጨረሻም ፊዩሪ በተቀበረበት መቃብር ላይ ይወርዳል። በግብዣው ላይ ለ30 ዓመት እንዲህ ያለ አልታየም ይባላል፤ ጋዜጣው አገሩን ሁሉ እንደሸፈነ ጽፏል። አመዳዩ ሕያዋኑንም ሙታኑንም ይሸፍናል፤ ዝናቡ ግን የፊዩሪ ብቻ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ለፍቅር ብሎ ከአልጋው የተነሣው ሰው የሞተው ልጅ ነው። ይህ መጨረሻ ለጋብሪኤል መነሣት ይሁን መተኛት ተቺዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ በየዓመቱ ሐሳቤን እለውጣለሁ።

ለመጻፍ ሲቀመጡ

ትንታኔ ሲጽፉ ስለ መጽሐፉ በሙሉ ሳይሆን ስለ አንድ ታሪክ፣ ከተቻለም ስለ አንድ ዕቃ ይጻፉ። በ«ሳ… ቀረ» ዓረፍተ ነገርዎ ይጀምሩ፤ ቀጥሎ ዕቃው የታየባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ያሳዩ፤ ትርጉሙን ከዚያ በኋላ ያምጡት። «የ… ምልክት ነው» የሚለውን አነጋገር ለአንድ ጽሑፍ ያህል ራስዎን ይከልክሉ። ያ ባለ ሠንጠረዡ ተማሪ በዚህ መንገድ የጻፈው ሁለተኛ ሙከራ እንዲህ ይጀምራል፦ «ኤቭሊን ሳትሳፈር ቀረች። ከመሄዷ በፊት የታየችው መስኮት አጠገብ ነው፤ ነገር ግን መስኮቱን አልከፈተችውም፤ ራሷን ያስደገፈችው በመጋረጃው ላይ ነው። የውጭው ዓለም የሚታያት የቤቷን አቧራ እያሸተተች ነው።» በመጀመሪያው ሠንጠረዥ መስኮቱ ነጻነት ነበር።

ለልምምድ «አሳዛኝ ጉዳይ» የተባለውን ታሪክ ይውሰዱ። ሚስተር ደፊ የተባለ ብቸኛ የባንክ ሠራተኛ ከሚስስ ሲኒኮ ጋር ወዳጅነት ይመሠርታል፤ አንድ ምሽት እጁን ይዛ ወደ ጉንጯ ስታስጠጋው ይሸሻታል፤ ከአራት ዓመት በኋላ በባቡር ተገጭታ መሞቷን ከጋዜጣ ያነባል። በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ የጠረጴዛውን ክዳን ከፍ ሲያደርጉት የሚወጡ ሽታዎች ተዘርዝረዋል፤ የአዲስ እርሳስ፣ የሙጫ፣ ወይም እዚያ ተረስቶ ከልክ በላይ የበሰለ ፖም ሽታ። «ወይም» የሚለውን ቃል ያስምሩበትና ፖሙ በእርግጥ ጠረጴዛው ውስጥ መኖሩንና አለመኖሩን በመወሰን ይጀምሩ።